ጋቢ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ

ዝም ያለ ቤት አይታመንም። ይህን የምለው ፈላስፋ ሆኜ ሳይሆን ደርሶብኝ ነው። የእኛ ሰው ቤት ማለት ቴሌቪዥኑ ለራሱ የሚያወራበት፣ ስልኩ በስፒከር የሚጮኽበት፣ ድስቱ የሚንጣጣበት ነው፤ ጎረቤቱም ይህን ሁሉ ሰምቶ «ደህና ናቸው ማለት ነው» ብሎ ይተኛል። ፈረንጅ ጎረቤቱ ሲጮኽ ፖሊስ ይጠራል፤ እኛ ግን ልባችን የሚመታው ጎረቤት ዝም ሲል ነው። «ዝምታ ወርቅ ነው» ያለው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ዌስተን በሚባለው ሰፈራችን፣ ባቡር ሐዲድ አጠገብ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ የሃያ ደቂቃ ዝምታ ፈልጎ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። ወርቅስ ቢያንስ የሚሸጥበት ሱቅ አለው።

እኔ ፈልጌያለሁ። ለምን በሉኝ።

ስድስት ዓመት ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን ኖሬ ወገቤ ተበላሸ። በተለይ ወደ አገር ቤት የሚሄደውን ሻንጣ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሃያ ሦስት ኪሎ ነው እየተባለ አህያ የሚያንበረክከውን። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከወንበር የከበደ ነገር እንዳላነሳ ነገረኝ። ባለቤቴ ሰብለ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሺፍት ትሠራለች፤ እኔ ቤት ከዋልኩ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜና እሁድን ጨመረችበት። ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ስትገባ፣ እኔ ጠግቤ ከተኛሁበት ተነስቼ «እንደምን አደርሽ» እላታለሁ። ምን ብላ ትመልስልኝ? «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወዳለሁ።

ስለዚህ የስልክ አስተርጓሚ ልሆን ተመዘገብኩ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ በሽተኛው በአማርኛ ይመልሳል፣ እኔ ከቤቴ ሳልወጣ መሐላቸው ሆኜ አግባባለሁ። አገር ቤት አሥራ ሁለት ዓመት አስተማሪ ነበርኩ፤ በአንደበት አልታማም። የጽሑፉን ፈተና አለፍኩ። የቀረው የድምፅ ፈተና ነበር፦ የላኩልህን የሐኪም ንግግር በሄድፎን እየሰማህ፣ ትርጉምህን በቤትህ ኮምፒውተር ቀድተህ አፕሎድ ታደርጋለህ። ዕድሉ ሦስት ብቻ። የመጀመሪያውን ላክሁ፤ «ባክግራውንድ ኖይዝ አለው»፣ ከጀርባ ሌላ ድምፅ ይሰማል ብለው መለሱት። ሁለተኛውን ላክሁ፤ «ባክግራውንድ ኖይዝ አለው፣ በዚያ ላይ ያስተጋባል»። ስለ ትርጉሙ ትንፍሽ የለም። እኔን ትተው ፍሪጄን ነው የፈተኑት! ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ያን ካላለፍኩ ሰብለ ቅዳሜና እሁዷን ቀበረችው ማለት ነው።

ሲፈጥረኝ ደግሞ ጭንቀታም ነኝ። ሊፍት ውስጥ ስገባ ስለ ገመዱ የማስብ ሰው ነኝ። ያን ሰሞን ማንም ሰው በር ሲዘጋ፣ ማንኪያ ሲጥል፣ ሲያስነጥስ፣ «ይኼው ባክግራውንድ ኖይዝ!» እያልኩ እበረግጋለሁ።

ምክር ጠየቅሁ። የእኛ ሰው ስትታመም ሁሉም ሐኪም ነው፤ ኮምፒውተርህ ሲታመም ደግሞ ሁሉም ኢንጂነር ይሆናል። እሁድ ከአምልኮ በኋላ አንዱ ማይክ ቀይር አለኝ። ሌላው፣ ማይኩ ምን አደረገህ፣ ላፕቶፑን ነው መቀየር አለኝ። ሦስተኛው ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ነው፤ ቤት ቀይር አለኝ።

እኔም አንድ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በቆመበት ዜና ሊያነብ የደረሰ የሚመስል ማይክ ገዛሁ። ገዝቼም ሁለት ሳምንት ሙሉ አፌን ለጥፌበት ስናገር ከረምኩ። ያ ሁለተኛው የተመለሰብኝ ፈተና የተቀዳው በእሱ ነበር፤ መስሎኝ። በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያናችንን ሳውንድ የሚቆጣጠረውን ታምራትን ለምኜ ቤቴ አመጣሁት። ታምራት በአዘቦት ቀን አውቶቡስ የሚነዳ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ማይኩን በጥፍሩ ቆርቆር አደረገው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ንቅንቅ አላለም። ላፕቶፑን ቆርቆር አደረገው፤ መስመሩ ዘለለ። ከዚያ ቀና ብሎ በሐዘኔታ አየኝ። ለካ ኮምፒውተሩ ያን ሁሉ ጊዜ ሲሰማ የከረመው ኪቦርዱ አጠገብ ባለችው፣ መርፌ በማታሾልክ በራሱ ቀዳዳ ነው! ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ «ከእንግዲህ በዚህኛው ስማ» ካላልከው አዲሱን ማይክ ከነመኖሩም አያውቀው። ሁለት ሳምንት የማይሰማኝን ነገር ሳስተምር ከረምኩ። ግድ የለም፤ አስተማሪ ነበርኩ ብያችሁ የለ? ልምዱ አለኝ።

አዲሱ ማይክ መስማት ሲጀምር ደግሞ ባሰ። ፍሪጁን ሰማ። የላይኛውን ፎቅ ሽንት ቤት ሰማ። ወደ ኤርፖርት የሚሄደውን ባቡር ከእኔ ቀድሞ ሰማ። መኝታ ቤት የተኛችውን ሰብለን ሳይቀር ሰማ፤ ታንኮራፋለች ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ማይኩ ነው። ታምራት እንዲህ ያለው ማይክ የሚሆነው ግድግዳው ለታፈነ ስቱዲዮ ነው፣ ለአንተ ቤት የሚሻለው ጆሮው ከበድ ያለ፣ አፍህ ሥር ካልሆነ የማይሰማ፣ ዘማሪ በእጁ የሚይዘው ዓይነት ነው አለኝ። ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤትም ጭንቅላቱ የተደቆሰ አሮጌ ማይክ፣ እሱንና ኮምፒውተሩን ከምታገናኝ ትንሽ ሳጥን ጋር አዋሰኝ። የሚያብረቀርቀው ወደ ካርቶኑ ተመለሰ።

ቀጥሎ ንብ የገባበት ይመስል «እዝዝዝ» የሚል ድምፅ መጣ። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀለው አለኝ፤ ነቀልኩት፤ ንቡ ወጣ። ግን ባትሪው አርጅቷል፣ ሁለት ሰዓት እንኳ አይቆይም፤ እኔ ደግሞ አንድ ጭንቀት ሲነቀልልኝ ሌላ የምተክል ሰው ነኝ።

የቀረው ማስተጋባቱ ነበር። ታምራት ሲሄድ በር ላይ ቆሞ ትእዛዝ ሰጠኝ፦ ግድግዳህ ባዶ ነው፣ ወለልህ እንጨት ነው፣ ድምፅህ እየነጠረ ይመለሳል፤ ለስላሳ ነገር አልብሰው። ፍራሽ አውጥተህ መሬት ላይ ዘርጋ። መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍን። መስታወት ያለውን ፎቶ ሁሉ ከግድግዳ አውርድ። አንተ ራስህ ጋቢ ተከናነብና ማይኩን ጋቢው ውስጥ ይዘህ ተናገር። እኔም እንደ ትጉህ ተማሪ ጻፍኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሰብለ ከሥራ ገባች። መተኛት ሲገባት ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራ ፍራሹን ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ጎተተች፤ መኝታ ቤቱ ባቡሩ አናት ላይ ነዋ። እኔ ወገቤን ይዤ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» እያልኩ አመራር እሰጣለሁ። መስኮቱን በጥቁር ብርድ ልብስ ጋረደች። የሠርጋችንን ፎቶ አወረደች። ፍሪጁን ነቀልን፣ ስልኮቻችንን አጠፋን። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ፍራሹ ላይ አቀርቅሬ ተቀመጥኩ።

እስቲ በእግዚአብሔር፣ ይህን ቤት በዓይነ ኅሊናችሁ እዩት። ፍራሽ መሬት ወርዷል። መስኮት ተጋርዷል። ፎቶ ከግድግዳ ወርዷል። ሴትዮዋ ጥቁር ሻሽ አስራ ዓይኗ ደም መስሏል። ሰውየው ጋቢ ተከናንቦ አንገቱን ደፍቷል። ምን ይመስላል? እኛ እንግዲህ ስቱዲዮ ነው የመሰለን።

ይኼኔ በር ተንኳኳ። እትዬ አበበች ናቸው፤ ስድስተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የጉብኝት ክፍል ኃላፊ። የታመመ፣ የወለደ፣ ሐዘን የደረሰበት ሰው ካለ ከእሳቸው ቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ አንዳንዴ ባለቤቱም አይቀድማቸውም። የሰብለን ትሪ ሊመልሱ ነው የመጡት። ሰብለ በሩን ገርበብ አድርጋ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች፤ በሹክሹክታ፣ ይቅርታ እትዬ፣ አሁን መነጋገር አንችልም አለቻቸውና ትሪውን ተቀበለች። እሳቸው ከትከሻዋ በላይ ወደ ውስጥ አዩ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ኋላቸው ሄዱ። ሰብለ ተመልሳ፣ እንዴት ያሉ ጨዋ ሴት ናቸው፣ ምንም ሳይጠይቁኝ ሄዱ አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼ ነው።

ልምምዱን ጨርሼ ለዋናው ቀረጻ ስዘጋጅ ሰብለ በእግሯ ኮቴ እንዳትረብሸኝ ልብስ ይዛ ወደ ላውንድሪ ወረደች። ስትመለስ እንዳታንኳኳም በሩን ሳትቆልፍ ተወችው። ሄድፎኔን አደረግሁ፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብሁ፣ መቅጃውን ተጫንኩት።

ጋቢው ውስጥ ጨለማ ነው፤ ይሞቃል። ሐኪሙ በጆሮዬ በእንግሊዝኛ ስለ ስኳር በሽታና ስለ እግር አጠባበቅ ይናገራል፤ እኔ በአማርኛ እከተላለሁ። እግርዎን በየቀኑ ይመርምሩ፤ ቁስል ካዩ አይናቁት። ቃሉ እየተግተለተለ መጣልኝ። ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ነገር የምሆን ሰው መሰልኩ፤ እንባዬ ሊመጣ ሲል፣ እንባም ድምፅ አለው ብዬ መለስኩት። ሃያው ደቂቃ አለቀ። ሄድፎኔን አወለቅሁና ጋቢዬን ገለጥ አደረግሁ።

ሳሎኔ በሰው ተሞልቷል። ሶፋው ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ ፍራሹ ላይ፣ ግድግዳው ሥር፣ ጥቁር የለበሱ ወደ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ መኮንን ከፊቴ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ካርቶን ውሃ፣ ከካፌ የመጣ ቡናና የተሸፈነ ምግብ አለ።

በባዕድ አገር የኖረ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ነጋሪ አይሻም። ጥቁር የለበሰ ሰው ሳይጠራ ቤትህ ተሰብስቦ ከመጣ መርዶ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ስልኬን ከጠዋት ጀምሮ ያጠፋሁት እኔ ራሴ ነኝ። ደውለው አጥተውኝ ነው! ለዝምታ ብዬ የእናቴን ሞት ሳልሰማ ስለ እግር ሳወራ ዋልኩ! «እማዬን!» ብዬ ጮኽኩ።

ቤቱ ተነሳ። እኛ ጴንጤዎች ለቅሶ ላይ መዝሙር እንጂ ዋይታ አናውቅም ይባላል። ይባላል። ያን ቀን እትዬ አበበች «እናትዬዋን! እናትዬዋን!» እያሉ ሲነሱ የአሥረኛው ፎቅ ሰው ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት መታ። ሰው እየዞረ ያቅፈኛል፣ «ጌታ ያጽናህ» ይለኛል፣ እኔም ስቅስቅ ብዬ አለቅሳለሁ። አምና ልሄድ አስቤ የቀረሁትን፣ ባለፈው እሁድ ስትደውል «ቆይ መልሼ ልደውልልሽ» ያልኳትን፣ ያልደወልኩላትን ሁሉ አለቀስኩ።

በዚህ መሐል ሰብለ የልብስ ቅርጫቷን ይዛ ገባች። ቅርጫቱ ከእጇ ወደቀ። ማን ነው የሞተው አለች። እናቱ አሏት። ዋይ ብላ ልትጮኽ አፏን ከፍታ ድንገት ቆም አለችና ከማን ሰማችሁ ብላ ጠየቀች። የሌሊት ሺፍት የምትሠራ ሴት ሁሉን ነገር ከመመዝገቧ በፊት ታጣራለች። ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከእሱ ነዋ፣ አሁን በዓይናችን ፊት ነገረን አሉ። ወደ እኔ ዞራ አንተስ አለችኝ። እኔማ፣ አልኩ በእንባዬ መሐል፣ ከእነሱ።

ያ ወር ሙሉ ስፈልገው የከረምኩት ዝምታ ያን ጊዜ መጣ። ምን ያደርጋል፣ ዘግይቶ መጣ።

ሰብለ ስልኬን ከፍታ ሰጠችኝ። ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። አገር ቤት መሽቷል፤ እማዬ በጊዜ ነው የምትተኛው። እንደገና ደወልኩ። ስልኩን በስፒከር አደረግሁት፤ ሃያ ሰው አንገቱን ወደ ስልኩ አሰገገ። «በዚህ ሰዓት ምን ሆነህ ነው? ማን ሞተ?» አለች እማዬ።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ የአሥረኛው ፎቅ ሰውዬ መጥረጊያውን እንደገና አነሳ። እኔ ድምጿን ስሰማ ከቅድሙ ይልቅ ብሶኝ አለቀስኩ። እሷ ግን ልቅሶና እልልታ ተደበላልቆ ስትሰማ ጭራሽ ጠረጠረች። ማንም አልሞተም እማዬ፣ ድምፅሽን ልሰማ ነው ብላት አላመነችኝም። አትደብቀኝ፣ ችዬዋለሁ፣ ማን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ አለችኝ።

ወደ ኮምፒውተሩ ስመለስ መቅጃው ሳይጠፋ እየቀዳ ነው። ከፈትነው። እስከ አሥራ አራተኛው ደቂቃ ድንቅ ነበር። ከዚያ ማይኩን ሊነኩ እስኪደርሱ ተጠግተውኝ ፍራሹ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሹክሹክታ ጥርት ብሎ ይሰማል። አንዷ፣ ለመሆኑ ማን ነው የሞተው ትላለች። ሌላዋ፣ እኔ ምን አውቄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው የመጣሁት ትላለች። ቀጥሎ የእትዬ አበበች ድምፅ መጣ፦ «ዝም በሉ፣ ስለ እግር እያወራ ነው። በስኳር ነው የሞቱት።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ያለ ማይክ ሳይመጣ ነው። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ታምራት ራሱ ጥቁር ኮት ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል! ጋቢ ተከናነብ ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ ብዬ አፈጠጥኩበት። ለቅሶ ተብሎ ተደውሎ ማን ይጠይቃል፣ ይኬዳል እንጂ አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ብሆን እሄድ ነበር።

ሰዓቱን አየሁ። አራት ሰዓት ከሃያ አንድ ደቂቃ። ሊዘጋ ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ባትሪው ሠላሳ ከመቶ ብቻ ነው፤ ቀረጻው በሹክሹክታና በዋይታ ተበላሽቷል። ሰብለን አየኋት፤ ቆማ እያንቀላፋች ነው። እባካችሁ ውጡልኝ ልል አፌን ስከፍት ታምራት አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ዙሪያውን አየና ደግሞ አጨበጨበ። ምንም አያስተጋባም! ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ የክረምት ኮት፣ ድምፁን ውጦ አስቀርቶታል። ማንም እንዳይወጣ አለ። ባዶ አዳራሽና ምእመን የሞላበት አዳራሽ አንድ አይደለም፣ ከፍራሽ ሰው ይበልጣል፣ ኮታችሁን እንደለበሳችሁ ተቀመጡ አላቸው። ጋሽ መኮንንም፣ ከመጣን አይቀር ብለው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱ።

እንዲህ ሆኖ ተቀዳ። ሃያ ሰው እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ፣ ሳይናገር፣ ሳይተነፍስ፣ ስለ እግር አጠባበቅ ሰማ። ባቡሩ ሲያልፍ ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ፣ ጸሎት የሚያስቆመው ይመስል። እትዬ አበበች የመጣባቸውን ሳል ነጠላቸው ውስጥ ቀበሩት። እኔ ጋቢዬ ውስጥ ላቤ እየተንቆረቆረ ባትሪውን በአንድ ዓይኔ አያለሁ፤ አሥራ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ ሰባት። መጨረሻው ላይ ደረስኩ። «እግርዎን በደንብ ከጠበቁ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ» አልኩ።

«አሜን» አሉ እትዬ አበበች።

መልሶ ለመቅዳት ባትሪም ጊዜም የለም። እሳቸውንም ልቆጣቸው አልቻልኩም፤ ለረጅም ዕድሜ አሜን የማይል ማን አለ? እንዳለ አፕሎድ አደረግሁት። ሰው ያመጣውን እንጀራና ወጥ አቅርበን በላን፤ በሰላም የተበላ ለቅሶ።

ረቡዕ ደብዳቤው መጣ። ሰብለ ታንብበው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ሥራውን አግኝተሃል ይላል። እንደገና አንብቢው አልኳት፤ አነበበችው፤ ቅዳሜ ልትተኛ እንደሆነ ሲገባት ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ደብዳቤው ሐኪሙ ያላለውን «አሜን» ከእንግዲህ እንዳልጨምር ያስጠነቅቃል። ግርጌው ላይ ደግሞ አንድ አንቀጽ አለ፦ የድምፅ ጥራትዎ እጅግ የሚያስመሰግን ስለሆነ በየሥራ ቀኑ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከዘጠኝ እስከ አምስት ሰዓት፣ ቀረጻውን ያከናወኑበትን ሁኔታ ሳይለውጡ እንዲሠሩ ይጠበቅብዎታል።

ሁኔታው እኮ ኮት የለበሰ ሃያ ለቀስተኛ ነው! እሁድ ደብዳቤውን ይዤ ጋሽ መኮንን ዘንድ ሄድኩና ጭንቀቴን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ሽማግሌዎቹን ጠርተው ጥግ ላይ ተመካከሩ። ከዚያ ተመልሰው ትከሻዬን ያዙኝ። «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። «ለቅሶ ወጉ ሦስት ቀን ነው፤ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ እንመጣልሃለን። ለሐሙስና ለዓርብ ግን የምር የሞተ ሰው ያስፈልግሃል።»